የገና ገበያ ለማየት ተማሪ ይዞ መውጣት፦ ቪየና፣ ኮሎኝ፣ ኑረንበርግ ወይስ ስትራስቡርግ?

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ «ልጆቹን አውሮፓ ወስደን የገና ገበያ እናሳያቸው» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ወዲያው ሞባይል ይወጣና ፎቶ መተያየት ይጀመራል። የገና ገበያ ማለት አውሮፓ ውስጥ ከገና በፊት በከተማ አደባባይ የሚቆም የጎጆ ሱቆች ገበያ ነው። በፎቶ ከሆነ ሁሉም ያምራሉ። መብራቱም፣ የእንጨት ጎጆውም፣ ከጀርባ የሚታየው ካቴድራልም ተመሳሳይ ነው። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለሚነሳ የተማሪ ቡድን ግን ምርጫውን የሚወስነው ውበቱ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ገበያው የሚከፈትበት ቀን ከጾማችን ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው፤ ቀጥሎ ቪዛው፤ ከዚያ ደግሞ ልጆቹ ቀን ቀን የት እንደሚውሉ። ገበያው እኮ የሚያምረው ሲመሽ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከዞሩበት በኋላ ደግሞ ያልቃል።

መልሴን ላስቀድም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ ይዞ የሚወጣ ትምህርት ቤት የኦስትሪያዋን ቪየናን ይምረጥ፤ ያውም በታኅሣሥ ሳይሆን ከኅዳር 6 እስከ ኅዳር 14 ባለው ጊዜ። ከዚህ በፊት የወጣና ተማሪዎቹም ከ10ኛ ክፍል በላይ የሆኑለት ትምህርት ቤት የጀርመኗን ኮሎኝን ቢሄድባት አይቆጨውም። ሌላዋ የጀርመን ከተማ ኑረንበርግ በስም ከሁሉም የገነነች ብትሆንም ለእኛ ሦስተኛ ናት። የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግን ለቤተሰብ ጉዞ እተዋታለሁ።

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያው ይዘርጋ

የአውሮፓ የገና ገበያ ሳምንታት ይቆያል። አብዛኛው በኖቬምበር መጨረሻ ይከፈትና በዲሴምበር 23 ወይም 24 ይዘጋል፤ በእኛ ታኅሣሥ 14 እና 15 መሆኑ ነው። ስለዚህ «ለገና ሲዘጋ እንወስዳቸዋለን» የሚለው ዕቅድ ከመነሻው አይሠራም። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ እዚያ ጎጆው ፈርሶ አደባባዩ ተጠርጓል። ጉዞው የትምህርት ቀን መንካቱ አይቀርም፤ ሐሙስ ማታ ተነስቶ ማክሰኞ ጠዋት መመለስ ከተቻለ ግን የሚባክነው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጾሙ አለ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የገና ገበያ ደግሞ ግማሽ ጎኑ ምግብ ነው፦ ቋሊማ፣ በቅቤ የታሸ ኬክ፣ በእንቁላል የተሠራ ብስኩት። «ውጭ አገር ስለሆነ ይፈታላቸዋል» የሚል አስተባባሪ አይጠፋም። ይህን የሚወስኑት ግን ወላጅና የንስሐ አባት እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም። የጎጃምን ቤተሰብ የሚያውቅ ሰው መልሱን ሳይጠይቅም ይገምተዋል።

አሁን ቀኖቹን እናጋጥማቸው። የቪየናው ዋና ገበያ፣ በከተማው ማዘጋጃ ቤት አደባባይ የሚቆመው፣ ከሌሎቹ ቀድሞ ነው የሚከፈተው። በ2024 ኖቬምበር 15፣ በ2025 ኖቬምበር 14 ተከፍቷል፤ በእኛ ኅዳር 6 እና ኅዳር 5 ማለት ነው። የጽጌ ጾም ኅዳር 5 ያበቃል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይጀምራል። በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለችው ያቺ ዘጠኝ ቀን የቪየና ገበያ ከተከፈተበት ጊዜ ጋር ትገጥማለች፤ ቢያንስ አንድ ቅዳሜና እሑድም ይገኝባታል። ረቡዕና ዓርብ እንደ ወትሮው ናቸው። ኅዳር 12 ሚካኤል ስለሆነ፣ ታቦት በሚነግሥበት ደብር አካባቢ ያለ ወላጅ ልጁን በዚያ ቀን ላይሰጣችሁ ይችላል፤ ስብሰባ ላይ ቀድማችሁ አንሱት።

ኑረንበርግ ይህ ዕድል ፈጽሞ የላትም። ገበያዋ የሚከፈተው ከመጀመሪያው የአድቬንት (ምዕራባውያን ለገና የሚዘጋጁበት ወቅት) እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ነው፤ ያ ዓርብ ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 1 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በእኛ ከኅዳር 15 በፊት አይሆንም። ስትራስቡርግም እንዲሁ በኖቬምበር የመጨረሻ ሳምንት ነው የምትከፍተው። ኮሎኝ መሃል ላይ ናት፦ በአንዳንድ ዓመት ካቴድራሉ ሥር ያለው ገበያ ከኅዳር 15 በፊት ይከፈታል፤ ነገር ግን ጀርመኖች ሙታናቸውን በሚያስቡበት፣ ከአድቬንት በፊት ባለው እሑድ ገበያው ይዘጋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያ እሑድ በጉዟችሁ ውስጥ እንዳይገባ ተመልከቱ።

የኅዳሩ ጉዞ የራሱ ዕዳ አለው። የመጀመሪያው በረዶ አለመኖሩ ነው፤ በዚያ ወቅት ቪየና የሚያገኛችሁ ዝናብና ጭጋግ ነው። ሁለተኛው ቪዛው ክረምት ላይ መጀመር ያለበት መሆኑ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት፣ ርዕሰ መምህሩም ማኅተሙም በማይገኙበት ወቅት። በታኅሣሥ ለሚሄድ ቡድን ቪዛው እፎይ ይላል፣ ምግቡ ይጠብባል። ከሁለት አንዱን መቻል ነው።

ቪዛው

አራቱም ከተሞች በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም በሸንገን ክልል ውስጥ ናቸው፤ የቪዛው ሕግ አንድ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምታድሩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ለቪየና ከሆነ ለኦስትሪያ፣ ለኮሎኝና ለኑረንበርግ ለጀርመን፣ ለስትራስቡርግ ለፈረንሳይ።

ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር እዚህ ላይ አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም (በእነሱ ኤፕሪል 2024) የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የቪዛውን አሠራር አጥብቆታል። ለሌላው አገር ሰው መደበኛው የመልስ ጊዜ 15 ቀን ሲሆን ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው የሚሰጠው። «ይህ ሰነድ ይቅርላችሁ» ብሎ ማለፍም ለኤምባሲው ተከለከለ። በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? ኅዳር 6 ቪየና መገኘት የሚፈልግ ቡድን የተሟላ ማመልከቻውን ቢዘገይ ቢዘገይ በመስከረም አጋማሽ ማስገባት አለበት፤ ቀጠሮው ራሱ ወረፋ ስላለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ መያዝ ይመረጣል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ከግንቦት በኋላ መንገዱ ክፍት ነው። «ከቪየና በኋላ ለንደንን አይተን በዚያው እንመለሳለን» የሚለውም ይቅር። ለንደን ሌላ ቪዛ ይጠይቃል፤ ከሸንገን ወጥቶ ተመልሶ መግባትም አይቻልም።

የቪዛው ክፍያ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ሰው 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ግማሹን ይከፍላል። ነገር ግን የሸንገን የቪዛ ሕግ ለትምህርት ወይም ለትምህርታዊ ሥልጠና የሚሄዱ ተማሪዎችንና አጃቢ መምህራኖቻቸውን ከዚህ ክፍያ ነፃ ያደርጋል። ሠላሳ ልጅ ለሚወስድ ትምህርት ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታዲያ ደብዳቤያችሁ ላይ «የገና ገበያ ጉብኝት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቱሪስት ናችሁ፤ ቱሪስት ደግሞ ይከፍላል። በየቀኑ የሚጎበኘው ሙዚየም፣ ከየትኛው የክፍል ትምህርት ጋር እንደሚገናኝ፣ ተማሪው ተመልሶ የሚያቀርበው ሥራ፣ ይህ ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ ይስፈር፤ የውሸት ሳይሆን የምር የሚሠራበት ይሁን። ነፃ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ኤምባሲው ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያም ለብቻው ይጠየቃል።

ለምር የሚሆን ሥራ አንድ ልጠቁም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጎጆ ሱቅ መርጦ ይያዝ፦ የሚሸጠው ዕቃ በእጅ የተሠራ ነው ወይስ የፋብሪካ? ከየት መጣ? ዋጋው ስንት ነው፣ ሻጩስ ይከራከራል ወይ? ከጉዞው በፊት ይህንኑ ጥያቄ በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሥሩት፤ ሸማኔውን፣ ሰፌድ ሻጯን፣ የደንገል ታንኳ አስመስሎ የሚሠራውን ልጅ ያነጋግሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ንግድና ስለ እጅ ሥራ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኛል። ለኤምባሲውም ቢሆን ከማኅተም ብዛት ይልቅ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ይናገራል ባይ ነኝ።

ሰነዶቹን በአጭሩ፦ ከተመለሱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሁለቱም ወላጆች በሕግ ፊት የተረጋገጠ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን። ከ12 ዓመት ጀምሮ አሻራ ስለሚሰጥ ልጆቹ ራሳቸው አዲስ አበባ መቅረብ አለባቸው። ይህ ከጎጃም ለምንነሳ ሰዎች ጉዞውን ሁለት ያደርገዋል፤ የመንገዱ ነገር ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ደርሶ መልስ ለዚህ ብቻ በበጀቱ ላይ ይያዝ፤ ከደብረ ማርቆስ የሚነሱትም እንደ ሰሞኑ ሁኔታ ይወስኑ።

ቪየና

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ቪየና በቀጥታ ይበራል። የአውሮፓ በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት ተነስተው ንጋት ላይ ስለሚደርሱ የሆቴል አንድ አዳር ይተርፋል፤ ያንን ቀን ግን ልጆቹ እንቅልፍ አጥተው ስለሚውሉ ከባድ ፕሮግራም አትጫኑበት። ከኤርፖርቱ መሃል ከተማ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሌላ ከተማ መሄድ፣ ሌላ ባቡር መቀየር የለም። ሠላሳ ልጅ እየቆጠረ ለሚሄድ አስተማሪ ይህ ከምንም ይበልጣል።

በከተማዋ የታኅሣሥ ገበያ እንዲቆም ለነዋሪዎቹ የተፈቀደው በ1298 ነው ይባላል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት የሚቆመው ግን እንደ ከተማ ፌስቲቫል የተደራጀ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ አለ፣ የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ አለ፣ ዛፎቹ በሙሉ በመብራት ያጌጡ ናቸው። ለልጅ ዓይን ይሞላል። አዋቂ ትንሽ ሊሰለቸው ይችላል፤ ከሚሸጠው ዕቃ ብዙው የትም የሚገኝ ነው። የእጅ ሥራ ማየት የፈለገ በካርልስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወዳለው ገበያ ይሻገር፤ እዚያ ያሉት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ቪየናን ለተማሪ የሚያስመርጣት ግን የቀኑ ነገር ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየሙና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ መንትያ ሕንፃዎች ሆነው በአንድ አደባባይ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ከ19 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መግቢያ አያስከፍሉም። ለጎብኚ ሁሉ የሚሠራ ነው፤ የኦስትሪያ ዜጋ መሆን አይጠይቅም። በመካከላቸው ያለው አደባባይ ራሱ የገና ገበያ ይቆምበታል፤ ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በእግር የሚኬድ ነው። እንግዲህ ቀን ሙዚየም፣ ማታ ገበያ፣ ያለ አውቶቡስ ኪራይ። በተፈጥሮ ታሪኩ ውስጥ በ1908 የተገኘችውን የቪለንዶርፍ ቬነስ ፈልጉ። ስሟ ትልቅ ስለሆነ ልጆቹ ሐውልት ይጠብቃሉ፤ ሲደርሱ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነች የድንጋይ ሴት ናት፤ ከ25 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። የሉሲን አገር ልጆች እዚያ መስታወት ፊት ቆመው የሚጠይቁት ጥያቄ አያልቅም። ከዚያ ማዶ ባለው የኪነ ጥበብ ሙዚየም የሠዓሊው ብሩገል «አዳኞች በበረዶ ውስጥ» የተባለው የ1565 ሥዕል አለ፤ ደጅ በረዶ ካልጣለ እዚያ ያዩታል። የተፈጥሮ ታሪኩ ማክሰኞ ስለሚዘጋ፣ የኪነ ጥበቡ ደግሞ በዚህ ወቅት ሰኞን የሚዘጋበት ስለሆነ ቀኑን አመቻቹ፤ ለቡድን ቀድሞ ማስመዝገብም ይጠይቃሉ።

ቅዳሜን ለሾንብሩን ቤተ መንግሥት መድቡት። ቤተ መንግሥቱ ፊት የገና ገበያ አለ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ በ1752 የተመሠረተው፣ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የዓለም መካነ እንስሳት በዕድሜ ቀዳሚ የሆነው አለ። ይኸኛው ይከፈልበታል።

ኮሎኝ

ኮሎኝ በቀጥታ የሚበርላት የእኛ አውሮፕላን የለም፤ ፍራንክፈርት ተወርዶ ከኤርፖርቱ ሥር ካለው ጣቢያ ፈጣን ባቡር ይያዛል። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ በዚህ መስመር በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሐዲድ ያልዘለቀው አገር ልጅ ለሆነው የጎጃም ተማሪ ከገበያው ይልቅ ይቺ አንድ ሰዓት ብትወራ አይገርመኝም። ችግሩ የጀርመን ባቡር እንደ ድሮው ሰዓቱን አያከብርም፤ መዘግየት የተለመደ ሆኗል። ስትመለሱ ለአውሮፕላኑ ሦስትና አራት ሰዓት ትርፍ ያዙ።

ከጣቢያው በር ስትወጡ ካቴድራሉ ፊታችሁ ላይ ተደቅኗል። ግንባታው የተጀመረው በ1248 ነው፤ የቅዱስ ላሊበላ ዘመን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ያለቀው ግን በ1880። 157 ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ደቡቡ ግንብ የሚያወጣው ደረጃ 533 ነው፤ ልጆቹ ሲጨርሱት አጃቢው መምህር ታች ሆኖ ቢጠብቅ ማንም አይታዘበውም።

ኮሎኝን ከሌሎቹ የምለይበት ምክንያት ውስጥ ነው ያለው። ከመንበሩ በስተኋላ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅርጽ ያለው ትልቅ የወርቅ ሣጥን ተቀምጧል። ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል፤ ጎንና ጎኑ ነቢያትና ሐዋርያት በተቀረጹባቸው ምስሎች የተሞላ ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሰብአ ሰገል ዐፅም ያረፈበት ነው የሚባለው፤ ዐፅሙ በ1164 ከሚላኖ የመጣ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ ይዘው የመጡትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ አይቷቸዋል። እዚህ ሌላ ሕዝብ እነሱን ይዞ ከተማውን እንዴት እንደገነባ ያያል፤ የኮሎኝ ከተማ ዓርማ ላይ ያሉት ሦስት ዘውዶች የእነሱ ናቸው። ውይይት ያስነሳል፤ ትውፊታችን ከእነሱ ጋር የሚለያይበትን የሚያስረዳ መምህር አብሮ ቢሄድ መልካም ነው። ከ10ኛ ክፍል በላይ ያልኩትም ለዚህ ነው። የ11 ዓመት ልጅ የሚያየው ወርቁን ብቻ ነው።

ገበያው በካቴድራሉ ጎን፣ በትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ከዚያ በራይን ወንዝ ዳር ወርዶ የቾኮሌት ሙዚየም አለ። ኮሎኝ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ከተማ ስለሆነች እሑድን ቅዳሴ አስቀድሶ መጀመር ይቻላል። ለወላጅ ይህን መንገር ብቻ ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

ኑረንበርግ

ስለዚህ ገበያ የሚመሰክረው ጥንታዊ ማስረጃ ከ1628 ነው። የሚከፍተው ፖለቲከኛ አይደለም፤ በየሁለት ዓመቱ ከከተማዋ ወጣት ሴቶች መካከል የምትመረጥ፣ የወርቅ ዘውድ የደፋች ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ሆና ነው። ያማረ ሥርዓት ነው፤ አደባባዩ ግን በዚያ ምሽት ሰው በሰው ላይ ነው፤ ተማሪ ይዤ አልሄድበትም። በማግሥቱ ጠዋት ሂዱ።

የዕቃው ጥራት ላይ ኑረንበርግ ሁሉንም ትበልጣለች። ገበያው ላይ የፋብሪካ ኮተት እንዳይበዛ ከተማዋ ትቆጣጠራለች። በጣም የወደድኩት ከደረቀ ፕሪም የሚሠራው ሰውዬ ነው፦ እጅና እግሩ በሽቦ የተሰካ ፕሪም፣ ራሱ ዋልነት፣ ላዩ ላይ ቀለም የተቀባ ፊት፤ አንዱ ጃንጥላ ይይዛል፣ ሌላው መሰላል ተሸክሟል። ሻጮቹ ለማንም ማብራራት አይሰለቻቸውም፤ ለዚያ ለጎጆ ሱቅ ሥራችን ከዚህ የተሻለ አይገኝም። እኩለ ቀን ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ያለው ሰዓት ንጉሥ የሚመርጡትን የሰባቱን መሳፍንት ምስል በንጉሠ ነገሥቱ ዙሪያ ያዞራል፤ ከ1509 ጀምሮ የነበረ ነው። ባቡር ለሚወዱም የባቡር ሙዚየም አለ፤ የጀርመን የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር በ1835 የሄደው ከዚችው ከተማ ወደ ፉርት ነው።

ሦስተኛ ያደረጋት ርቀቱና ጾሙ ነው። ከፍራንክፈርት ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በባቡር፤ በአራት ቀን ጉዞ ውስጥ ከባድ ነው። ታዋቂው ምግቧ ደግሞ በዳቦ ውስጥ የሚገቡ ሦስት ትንንሽ ቋሊማዎች ናቸው፤ በጾም ወራት ለእኛ ልጆች ሽታው ብቻ ነው የሚደርሳቸው።

ስትራስቡርግ

ከ1570 ጀምሮ ገበያ አላት፤ ሰፈሮቿ ውብ ናቸው፤ በካቴድራሉ ውስጥ ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓትም ሐዋርያትን በክርስቶስ ፊት ሲያሳልፍ ማየት ያስደስታል። ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካልሆነ ግን አልመክርም። ከተማዋ ትንሽ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ በገበያው ወራት ለቡድን የሚሆን ሆቴል በደህና ዋጋ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ምግቡ፣ መጠጡ፣ ብርዱ

በታኅሣሥ ለምትሄዱ፦ በገበያው ላይ ያለ ጥርጥር የሚበላ የጾም ነገር ሁለት ነው። አንዱ በእሳት የተጠበሰ ቼስትነት የሚባል ፍሬ ነው፤ በወረቀት ጠቅልለው ትኩሱን ይሰጣሉ፣ እጅም ያሞቃል። ሁለተኛው በስኳር የተቆላ ለውዝ ነው፦ በመዳብ ድስት ውስጥ ውኃ፣ ስኳርና ቀረፋ ይንተከተካል፣ ለውዙ ይገባል፣ ስኳሩ እስኪደርቅና እንደገና ቀልጦ እስኪለብሰው ድረስ ይማሰላል። ቅቤ የለበትም። ዝንጅብልና ማር ያለው ብስኩት እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል፣ የድንች ቂጣውም እንዲሁ፣ ሳይጠይቁ አይበላ። ስለ ጾም ማብራራት ከመድከም «ቪጋን» ማለት ይበቃል፤ ሁሉም ይገባቸዋል። ማታ ማታ የአበሻ ምግብ ቤት ፈልጎ በያይነቱ ማብላት ቡድኑን ያድሳል።

ስለ መጠጥ ጠበቅ ያለ ደንብ ይኑር። በየገበያው ዋናው መጠጥ ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን ነው። ለልጆች የሚሆነው አልኮል የሌለው የፍራፍሬ ፑንሽ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ዓይነት ኩባያ፣ በዚያው ቀለም ይቀዳል። በኦስትሪያም በጀርመንም ወይን ለ16 ዓመት ልጅ መሸጥ ሕግ አይከለክልም፤ ስለዚህ ሻጩ ያስቆማቸዋል ብላችሁ አትመኑ። የሚያዘውም የሚቀበለውም መምህር ይሁን። ለኩባያው መያዣ ይከፈላል፤ ሲመለስ ይመለሳል። ልጆቹ ኩባያውን ለማስታወሻ ይዘው መሄድ ከፈለጉ መያዣውን መተው ነው፤ ከሱቅ ስጦታ ይልቅ ይህ ይረክሳል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ «ብርድ አውቃለሁ» ይላል። የእኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የእነሱ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ከእግር ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከጃኬት በፊት ጫማና ወፍራም ካልሲ። ጃኬቱን ሰልባጅ ላይ ግዙ፤ ከአውሮፓ ክረምት የተረፈ ደህና ካፖርት በትንሽ ዋጋ ይገኛል፤ አዲስ መግዛት ብክነት ነው። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ከውስጥ የሚለበስ ታይት። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በእኛ አጠራር 10 ሰዓት ገደማ ላይ ትጠልቃለች። ይህ ለእኛ ጥቅም ነው፤ መብራቱን ለማየት ማምሸት አያስፈልግም፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ዞሮ ለእራት መግባት ይቻላል። የሥራ ቀን ከሆነ ሰዉም በዚያ ሰዓት ገና አልበዛም።

ደኅንነትና «ቢከለከሉስ?»

ወላጅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሳይሸፋፈን ይነገር። በአውሮፓ አቆጣጠር በርሊን በ2016፣ ስትራስቡርግ በ2018፣ የጀርመኗ ማግደቡርግ በ2024 በገና ገበያ ላይ ጥቃት ደርሶ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ መግቢያዎቹ በኮንክሪት ታጥረዋል፣ ፖሊስ ይቆማል፣ ቦርሳ ይፈተሻል። ከዚያ ይልቅ በየዕለቱ የሚያጋጥመው ልጅ በሰው መካከል መጥፋትና ሞባይል መሰረቅ ነው። ለስምንት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሆቴሉ አድራሻና የመምህሩ ስልክ የተጻፈበት ካርድ በኪሱ፣ ገበያው ላይ አንድ የታወቀ መገናኛ ቦታ። ሞባይል ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ካርዱ ወረቀት ይሁን።

ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ተፈርሞ ይለቅ፦ ከቡድኑ የተወሰኑት ቪዛ ቢከለከሉ ምን ይደረጋል? ይህ ይሆናል ብላችሁ ጀምሩ። የተከለከለው ልጅ የትኛው ወጪ ይመለስለታል፣ የትኛው አይመለስም? ስንት ልጅ ከተከለከለ ነው ጉዞው ጨርሶ የሚሰረዘው? አጃቢ መምህሩ ተከልክሎ ልጆቹ ቢፈቀድላቸውስ ማን ይተካዋል? ለዚህ ሲባል ሁለት ተጠባባቂ መምህራን ከመጀመሪያው አብረው ያመልክቱ። ሆቴሉ ሊሰረዝ የሚችል ቦታ ማስያዣ ይሁን፤ የአውሮፕላን ትኬቱም ቪዛው እስኪወጣ በቡድን ማስያዣ ይቆይ፤ ለማመልከቻው ማስያዣው ይበቃል ወይስ የተከፈለ ትኬት ይፈልጋሉ የሚለውን ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዩሮውን ከባንክ የምታገኙት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስታሳዩ ስለሆነ ከቪዛው መውጣት እስከ ጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቅርላችሁ።